ሦስት ፕሮፎርማ

«አንድ ስልክ» አለች እናት። መሐረቧን ከጉልበቷ ላይ አንስታ አጣጥፋ መልሳ አስቀመጠችው። «አንድ ስልክ ብትደውል ምን ነበረበት? ‘እማዬ፣ ፓፌ አለቀ’፤ በቃ። አራት ቃል አይሞላም።»

ይህን ስትል ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እዚያ ቤት የሚቆጥር አልነበረም። ለቅሶ ደራሽ በገባ ቁጥር «እግዜር ያጽናችሁ» ይልና ትንሽ ቆይቶ «ለመሆኑ እንዴት ሆነች?» ይላል፤ ያኔ ወሬው እንደገና ከሥሩ ይጀመራል። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አስም ነበረባት። ደረቷን ሲያፍናት በአፏ የምትስበው፣ እነሱ ቤት ፓፍ የሚባል፣ በመዳፍ ውስጥ የምትገባ መድኃኒት ነበረቻት፤ እሷ ካለች ሁሉ ሰላም ነው። ዩኒቨርሲቲ በገባች በሁለተኛው ዓመት፣ ባለፈው ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታ ክፍሏ ስትወጣ ደረጃው ላይ አፈናት። ከኪሷ ያወጣቻት ፓፍ ባዶ ነበረች። ሐኪም ቤት ሲያደርሷት የሚሠራ ነገር አልቀረም። ሃያ ዓመቷ ነበር።

«ኩራት ነው» አለች የእናትየው ታላቅ እህት፣ ሻይ የያዘውን ትሪ እያዞረች። «ከልጅነቷ ጀምሮ ቸገረኝ ማለት አትወድም።»

«ደብቃኝ ነው የሞተችው» አለች እናት። «እኔ እናቷ አይደለሁም? ለባዳ እንኳ ይነገራል። ይቅር አልላትም።»

የሞተ ልጅን ይቅር አልልም ማለት ለሰሚው ይከብዳል። ሴቶቹ «ኧረ ተይ፣ እንዲህ አይባልም» አሏት። ግን ከልቧ ነበር፤ ተቆጥታታለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ የሰው ልብስ ስትሰፋ የኖረችው ለዚያች ልጅ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ሦስት ቃል ነፈገቻት። እንባዋ እንኳ በቁጣው ተይዞ እንደልቡ አልወርድ ብሎ ነበር።

አባትየው ከጎኗ ተቀምጧል። የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከእጁ መርፌ ጎድላ አታውቅም። እናቱ ብትመጣ ያለ ወረቀት እስኪርቢቶ አይሰጣትም እያሉ የሚያሙት ባልደረቦቹ «አቶ ደረሰኝ» የሚል ስም አውጥተውለት፣ እሱም ወዶት፣ ሰፈሩም ለምዶት፣ ዋናውን ስሙን የሚያስታውሰው የደመወዝ መዝገቡ ብቻ ሆኗል። በእነዚህ ሦስት ቀናት ውስጥ ከ«እግዜር ይስጥልኝ» በቀር ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። ሰው ሐዘን ነው አለ። ሐዘንማ ነበር። ግን ሚስቱ «አንድ ስልክ» ባለች ቁጥር አንገቱን የሚያስደፋው ሌላ ነገር ነው። ልጅቷ ነግራለች። ለእሱ ነግራዋለች።

ነገሩ ከጥንት በጨዋታ ነው የተጀመረው። ሰባት ዓመቷ ሳለ ባለቀለም እርሳስ ግዛልኝ ብላ ብታስቸግረው ከቢሮ የተበላሸ የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ አምጥቶ «በይ ሙዪው» አላት። ምላሷን ከከንፈሯ አውጥታ ሞላችው። የዕቃው ዓይነት፦ እርሳስ። ብዛት፦ ብዙ። የተፈለገበት ምክንያት፦ ስለምፈልግ። አቶ ደረሰኝ ከት ብሎ ስቆ ግርጌው ላይ «ጸድቋል» ብሎ ፈረመበት። ከዚያ ወዲህ ጫማም ሆነ ደብተር ያለ ቅጽ ተጠይቆ አያውቅም። እሷ «ኃላፊው» ትለዋለች፤ እሱ «ጠያቂ ክፍል» ይላታል። አንዳንዴ ሆን ብሎ «ምክንያቱ በቂ አይደለም» ብሎ ይመልስባታል፤ ምክንያቱን አሳምራ፣ እናቷን ምስክር አስፈርማ ትመለሳለች። አክስቷ ይህን ባየች ቁጥር «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል፤ ኋላ እንዳትሉኝ» ትላለች፤ አባትና ልጅ ይስቁባታል። ልጁን የእኔ ዓለም፣ የእኔ ጌጥ ብሎ ማቆላመጥ የማያውቅበት ሰው፣ ፍቅሩን በፊርማ ነበር የሚናገረው።

ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ጨዋታው ቁም ነገር ሆነ። ከደመወዙ ግማሹ በየወሩ ለእሷ እንዲሄድ፣ የስፌቱ ገቢ ደግሞ ቤቱን እንዲይዝ ተወሰነ። ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት በማስመሪያ የተሰመረ ወረቀት ዘርግተው ጠረጴዛ ከበቡ። ምግብ። ሳሙና። ፎቶ ኮፒ። ትራንስፖርት። የስልክ ካርድ። ስድስተኛው መስመር ላይ ልጅቷ «ልዩ ልዩ» ብላ ጻፈች።

«ልዩ ልዩ የሚባል ነገር የለም» አላት አቶ ደረሰኝ። «ይዘርዘር።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እናት ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ እስኪርቢቶውን ከእጁ ነጠቀችው። «የሞዴስ ነው። ይዘርዘር ትላለህ ደግሞ፣ አያፍርም እንዴ ይሄ ሰውዬ» ብላ ራሷ ጻፈችበት። አቶ ደረሰኝ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ልጅቷ በሳቅ ፍርስ አለች።

ሳቋ ሲበርድላት «መጠባበቂያስ አባዬ?» አለችው።

«መጠባበቂያ የሌባ መስኮት ነው። ድንገት የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ትጠይቂኛለሽ። እኔ የት እሄዳለሁ?»

የመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ አለፈ። ወር በገባ ብሩ ይሄዳል፤ ወር ሲያልቅ የደረሰኞቹ ፎቶ በስልክ ይመጣል፤ አቶ ደረሰኝ መነጽሩን አድርጎ ይደምራል። ከበጀት ውጭ የሆነ ነገር ሲያስፈልጋት እንደ ጥንቱ ወረቀት ላይ ቅጽ አስመስላ ትጽፍና ፎቶ አንስታ ትልክለታለች። የምግቡ ብር ለሃያ አምስት ቀን እንጂ ለሠላሳ እንደማይበቃ፣ የቀሩትን አምስት ቀናት በሻይና በዳቦ እንደምታልፋቸው ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ ሞልታ አታውቅም። እሱም ቢሆን ሒሳቡን እንዳያዛባ ብሎ ምሳውን ከተወ ዓመት አልፎታል፤ እሱም ለማንም አልተናገረም። ችጋርን መደበቅ ከእሱ የወረሰችው ነው።

ያ ጨዋታ የተበላሸው ከመሞቷ ከአንድ ወር በፊት ነው። የፎቶ ኮፒው ደረሰኝ ከተላከው ብር አንሶ ተገኘ። ደወለና ጠየቃት። የክፍሏ ልጅ ልደት ስለነበር ለኬክ አዋጥታ ነው። ትንሽ ገንዘብ ነበረች። አቶ ደረሰኝ ግን ያን ቀን ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ሆድ ብሶት ነበርና አሥር ደቂቃ ሙሉ ሳይስቅ ተናገራት። «እኔ እዚህ ጥርሴን ነክሼ ነው የምልከው። ካሁን በኋላ ወረቀት ያልቀደመው ሳንቲም የለም፤ ሰማሽ?» ልጅቷ «እሺ ኃላፊው» አለች። ስልኩን ሲዘጋ ልቡ ደንገጥ ብሎበት ነበር። ነገ እደውልላታለሁ አለና ነገው በሥራ አለፈ።

ከዚያ ባለፈው ማክሰኞ መልእክቷ መጣ። በእጅ የተጻፈ ቅጽ ነው። የዕቃው ዓይነት፦ ፓፍ። ብዛት፦ አንድ። ምክንያት፦ ያለው ሊያልቅ ነው፤ የግቢው ክሊኒክም የለውም። አቶ ደረሰኝ የዓመቱ ቆጠራ ላይ ነበር፤ ሁለት ኦዲተሮች ከፊቱ ተቀምጠዋል፤ አራት ጎማ ጠፍቶበታል። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል የልጁን ጽሑፍ ሲያይ ፈገግ አለ። እንደ ድሮው ሊያስቃት ፈለገ፤ የዚያን ቀኑን ቁጣም በዚህ ሊያስረሳት። «ሦስት ፕሮፎርማ ይቅረብ» ብሎ ጻፈላት።

ፕሮፎርማ ማለት ነጋዴ ማኅተም መትቶ የሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ ነው፤ መሥሪያ ቤት አንድ ዕቃ ሲገዛ ከሦስት ቦታ ያስመጣና ርካሹን ይወስዳል። ለመኪና ጎማ እንጂ ለአንዲት ፓፍ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ትስቃለች፣ ትደውላለች፣ ማታ ብሩን እልክላታለሁ ብሎ አሰበ። «እሺ ኃላፊው» የሚል መልስ መጣ። አልደወለችም። እሱም ጎማውን ፍለጋ ገባ። ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጎማዎቹ ከአሮጌ ጠረጴዛዎች ጀርባ ተገኙ። በዓመቱ ውስጥ እንደዚያ ደስ ያለው ሰዓት አልነበረም።

የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ የመጣችው ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያ ኬክ የተቆረሰላት ልጅ። ቀጭን፣ ዓይን አፋር፣ የሟችን ሻንጣ በሁለት እጇ ታቅፋ በር ላይ ቆመች። አቶ ደረሰኝ ሻንጣውን ሊቀበላት ወደ ግቢው ወጣ። ልጅቷ ከቦርሳዋ ፖስታ አውጥታ አስጨበጠችው።

«ይሄን ከሻንጣው ለይቼ ነው ያመጣሁት፣ ጋሼ። እትዬ እንዳያዩት ብዬ።»

ከጓሮ ቆሞ ከፈተው። ሁለት ወረቀት ነው፤ ከሁለት መድኃኒት ቤት፣ ባለፈው ረቡዕ የተጻፈ፣ በሰማያዊ ማኅተም የተመታ። «ለ» የሚለው ቦታ ላይ የገዛ ስሙ ከነአባቱ ሰፍሯል። ዕቃው አንድ ፓፍ ነው። ዋጋው የአራት ቀን ምሳ አይሞላም። ከግርጌ «ይህ ዋጋ ለአሥራ አምስት ቀን የጸና ነው» ይላል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አቶ ደረሰኝ አንዲት ማምለጫ ነበረችው፤ ቀልድ መሆኑን ታውቃለች፣ በሌላ ምክንያት ዘግይታ ነው፣ እያለ ራሱን ይደልል ነበር። ወረቀቶቹን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተታቸው። ግድግዳውን ተደግፎ ብዙ ቆመ።

በማግስቱ አክስቲቱ የሟችን ጓደኛ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ያዘቻት።

«አንድ ክፍል እያደራችሁ፣ ትንፋሿ ሲያጥር እየሰማሽ፣ እንዴት ዝም አልሽ? አፍ የለሽም? ለእናቷ ብትነግሪ ምን ይቀንስብሽ ነበር?»

ልጅቷ ቀና ብላ አንድ ጊዜ፣ ለአንዲት ቅጽበት ብቻ፣ አቶ ደረሰኝን አየችው። ከዚያ ዓይኖቿን መሬት ላይ ጣለች።

«ይቅርታ» አለች።

«ይቅርታሽ ምን ያደርግልኛል» አለች እናት።

አቶ ደረሰኝ ብድግ አለና ማንም ያላዘዘውን የሻይ ብርጭቆ ከየጠረጴዛው ይሰበስብ ጀመር። ሰው ሁሉ አዘነለት። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ የመጣው ሾፌር «አይ የሰው ነገር፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ እንጂ» አለው፤ ቀጥሎም ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «አንተ እንኳ የሚጸጽትህ ነገር የለም፤ ከአፍህ ነጥቀህ ነው ያስተማርካት» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አቶ ደረሰኝ ብርጭቆዎቹን ማድ ቤት አድርሶ በሩን ዘጋና እጁን ነከሰ። በአንዲት ሙት ልጅና በአንዲት ሕያው ልጅ ጀርባ መሸሸጉን ያውቅ ነበር። ራሱን ጠላው።

እኩለ ቀን ላይ ልጅቷን ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኛት። ወረፋው ጋ ሲደርሱ ጠየቃት።

«ተቀይማኝ ነበር?»

«ኧረ አልተቀየመችም፣ ጋሼ። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ስልኩን ደጋግማ አየችውና ‘አባዬ ሲቀልድና የምሩን ሲናገር መለየት አቅቶኛል፤ ለማንኛውም ላሟላ’ አለች።»

«የምግብ ብር አልነበራትም?»

«ነበራት። ከምግቡ ከነካሁ ደረሰኙ አይገጥምም አለች። ላበድርሽ አልኳት፤ ብድር በጀቱ ላይ የለም ብላ ሳቀች።» ልጅቷ አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች። «ሁለቱ መድኃኒት ቤቶች ረቡዕ ሰጡን። አንዱ ሰውዬ ‘ለአንድ ፓፍ ፕሮፎርማ? የየትኛው መሥሪያ ቤት ናችሁ?’ ሲላት ‘የአባቴ’ አለችው። ሦስተኛው ጋ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሄድን። ማኅተሙን የምትይዘው ሴት የለችም፣ ነገ ጠዋት ኑ አሉን።»

አቶ ደረሰኝ ራሱን ነቀነቀ። ከኪሱ ለመንገድ የሚሆን ብር አውጥቶ ዘረጋላት። ልጅቷ ብሩን ተቀብላ ወደ ትኬት መስኮቱ ሄደችና ሁለት እርምጃ ሳትርቅ ዞር አለች።

«ደረሰኙን ላምጣልዎ?»

ፊቷን አየው። ይህች ልጅ እየቀለደችበት ነው ወይስ የምሯን ነው? ዓይኗን፣ ከንፈሯን፣ የአንገቷን አኳኋን መረመረ። ሊያውቅ አልቻለም። ያኔ ነው የገዛ ልጁ ያን ስልክ ይዛ ምን እንደተሰማት የገባው። እዚያው ሰው በሚገፋፋበት መናኸሪያ ቆሞ፣ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ «ይቅርታ፣ ጋሼ፣ ይቅርታ» ትለው ነበር።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ብርጭቆ ልታጥብ ማድ ቤት ስትገባ ተከትሏት ገባ። በሩን ገርበብ አደረገው።

«ደብቃሽ አይደለም» አላት።

«ምኑን?»

ወረቀቶቹን ሰጣት። እጇን በቀሚሷ አድርቃ ተቀበለችው። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

ነገራት። ኦዲተር ፊት እንደቆመ ሰው፣ ቀኑን ከነሰዓቱ፣ ቃሉን እንዳለ፣ ማመካኛ ሳይጨምር ነገራት። ማክሰኞ ጠየቀችኝ። እንዲህ ብዬ መለስኩላት። ረሳሁት። ሐሙስ ሦስተኛውን ልታመጣ ሄዳ ነበር። ሲጨርስ እንድትጮኽ ጠበቀ፤ እንድትመታው ጠበቀ፤ ፈልጎትም ነበር። ሚስቱ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ይዛ ታነባለች።

«ስትጽፈው እየሳቅህ ነበር?»

«እየሳቅሁ ነበር።»

ወደ ወረቀቶቹ ተመልሳ «ርካሹ የቱ ነው?» አለችው።

አቶ ደረሰኝ በጣቱ የግራውን አሳያት። ዋጋውን አየች። ታች ያለውን መስመርም አነበበች።

«አሥራ አምስት ቀን ይላል። ዛሬ ስንተኛው ነው?»

«ሰባተኛው።»

«ገና ነው እንግዲህ» አለች። ወረቀቶቹን እንደነበሩ አጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠቻቸው። የቀሩትን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ አጥባ፣ አድርቃ፣ ደፍታ ደረደረች። ከዚያ በጎኑ አልፋ፣ ልብሷ ሳይነካው፣ ወጣች።

እሱ ተከትሎ ሲገባ ሚስቱ አምስት ቀን ሙሉ ከጎኑ የተቀመጠችበትን ቦታ ትታ በመስኮቱ በኩል ከእህቷ አጠገብ ተቀምጣ አገኛት። ቦታው ሄዶ ተቀመጠ። ወዲያው አንዲት እስካሁን ለቅሶ ያልደረሰች የሩቅ ጎረቤት ነጠላዋን እያስተካከለች ገባች። እግዜር ያጽናችሁ አለች፤ ትንሽ ተነፈሰች፤ ከዚያ እንደማንም ጠየቀች።

«ምነው ግን፣ ይሄን የመሰለ ነገር ሲደርስባት ለእናንተ ለወላጆቿ ሳትናገር?»

አክስቲቱ የለመደችውን ልትመልስ አፏን ስትከፍት እናት እጇን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገችባት።

«ነግራን ነበር» አለች።

ጎረቤቲቱ ሁለተኛ አልጠየቀችም። እናት መሐረቧን ፊቷ ላይ አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇን ብቻ አለቀሰቻት፤ ቁጣ የሌለበት፣ ረጅም፣ ማባበያ የሌለው ለቅሶ ነው። ሴቶቹ ወደሷ ተጠጉ። አቶ ደረሰኝ እንዳለ ቀረ።

ሾፌሩ ከውጭ ገብቶ መቀመጫ ፈለገ። ከአቶ ደረሰኝ ጎን ያለችው ወንበር ባዶ መሆኗን አይቶ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል፣ አቶ ደረሰኝ መዳፉን ዘርግቶ ወንበሯ ላይ አሳረፈ።

«ሰው አለው» አለ።